ሐረግ በብረት ላይ

መጀመሪያ ብረት የቀረጽኩ ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። በእኛ ሰፈር በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት የምታውቀውን ታስተምራለች እንጂ አዲስ ሙያ አትጀምርም። እኔ ደግሞ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥልፍ። እሱንም ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም፤ እናቴ ስትጠልፍ አጠገቧ ሆኜ በዓይኔ እየሰረቅኩ የለመድኩት ነው።

እናቴ ጥልፍ ስትመዝን ፊቱን አታይም። ቀሚሱን ትገለብጠዋለች። ጀርባው ላይ ክሩ ከተንጠላጠለ፣ ቋጠሮው ከበዛ፣ ፊቱ የፈለገውን ያህል ቢያምር ትመልሰዋለች። "ፊትማ ማንም ያሳምራል" ትላለች። ይህን አባባሏን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጡረታ የሚከፍለኝ የለም፤ ራሴን በራሴ ነው ያወጣሁት። ወሎ፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ሰው "ሳዑዲ ምን ትሠሪ ነበር?" ሲለኝ "የመኪናና የሞተር ብረት እጠልፍ ነበር" እለዋለሁ። ይስቃል። እኔም አብሬው እስቅና ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ። ወሬ ደግሞ ስወድ!

ደማም የገባሁት እንደ ብዙዎቹ እህቶቼ በቤት ሠራተኛነት ነው። ቤቱ አል ፈይሰሊያ ሰፈር ነበር። ማዳሜ ኑራ ትባላለች፤ ድምፅዋ ሦስተኛው ቤት ድረስ የሚሰማ፣ ስትቆጣ የምታስፈራ፣ ቁጣዋ ግን ሻይ እስኪፈላ የማይቆይ ሴት። ልጆቹ እያደጉ፣ የቤቱም ሥራ እየቀለለ ሲሄድ፣ ከሰዓት በኋላ የማዳምን አባያ እጅጌ መጥለፍ ጀመርኩ። ንድፉን በሳሙና ስባሪ ጨርቁ ላይ እስልና በክር እከተለዋለሁ። የምወደው ሐረግ ነበር፤ ከእናቴ የቀሚስ ጠርዝ ላይ ያመጣሁት፣ ቅጠል በቅጠል እየተጠማዘዘ የሚሄድ።

አንድ ዓርብ የማዳም ወንድም አቡ ፈሃድ ምሳ መጣ። አል አዳማ በሚባለው የደማም ሰፈር የመኪናና የሞተር ማስዋቢያ ሱቅ አለው። ሩዙን ትቶ የእህቱን እጅጌ ይዞ ቀረ።

"ይህን ማን ሳለው?"

"ሉባባ።"

"ከየት ገልብጣ?"

"ከራሷ! ምን አገባህ፣ እጄን ልቀቅና ብላ!" አለችው።

አልበላም። ያንኑ ሐረግ ወረቀት ላይ አሳለኝና ይዞት ሄደ። ለአንድ የሞተር ብስክሌት የቤንዚን ታንክ ክዳን ፈልጎት ነበር። በሳምንቱ ወረቀቱን መልሶ አመጣው። የሱቁ ቀራጭ፣ አንድ ሽማግሌ፣ አልሠራም ብለዋል። "ይህን የሳለችው ሴት የእጅ አንጓዋን የምታዞርበት መንገድ አላት፤ የሌላ ሰው አንጓ ማዞር አልችልም። እሷን አምጡልኝ" ነው ያሉት።

ማዳም አሰበች፣ ጮኸች፣ እንደገና አሰበች። "ሂጂ፤ ኩሽናው አይሸሽም" አለችኝ። በኢቃማዬ፣ በመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ያለውን ሙያ ለማስቀየር የተሮጠውን ሩጫ አልጽፈውም፤ ማዳም ሮጠች፣ ወንድሟ ሮጠ፣ አለቀ፣ ኸላስ። ከሱቁ ጀርባ የራሱ በር ያለው ክፍል ተሰጠኝ፤ በመስታወት በኩል ከሽማግሌው ጋር እንተያያለን።

ሽማግሌው ሙዓሊም ነዚር፣ መምህር ነዚር እንደማለት፣ ይባላሉ። ሕንዳዊ ናቸው፤ ናስ መቅረጽ ከአባት ወደ ልጅ ከሚወረስበት ከተማ የመጡ። ጢማቸው በሂና የቀላ፣ መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል። አረብኛቸው እንደ እኔው ስብርባሪ ነው። የእሳቸውና የእኔ ስብርባሪ ሲገጣጠም ግን አንድ ደህና ቋንቋ ይወጣው ነበር።

"ቤቲ" አሉኝ ገና እንደገባሁ።

"ሉባባ ነኝ" አልኳቸው።

"አይዋ፣ ቤቲ።"

ሰውየው ስም አይዙም ብዬ ለማዳም ነገርኳት። በእነሱ ቋንቋ "ልጄ" ማለት መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ክርክር በኋላ ነው።

መዶሻ ቶሎ አልሰጡኝም። መጀመሪያ ብረት መያዝ አስተማሩኝ። ደንበኛ አንድ ዕቃ ሲያመጣ ሙዓሊም ፊቱን አያዩትም። ይገለብጡታል። ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ይዳብሱታል፣ ከዚያ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጥፍራቸው መታ መታ ያደርጉታል። መጀመሪያ ቀን ሳይ የእናቴ ወንድም መሰሉኝ።

"ሹፍ፣ እይ ቤቲ" አሉኝ። "ፊቱን ባለቤቱ ያየዋል። ጀርባውን እኛ ካላየን ማን ያየዋል?"

የጀርባው ድምፅ ሁሉን ይናገራል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ተጠቅጥቆ የጠነከረ ብረት ነው። ድምፁ ከታፈነ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው፤ እሱን በዝግታ። ስስ ከሆነ ሬንጅ አሙቆ ከሥሩ ማልበስ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መዶሻው ያጎደጉደዋል። ክሮም የለበሰ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ክሮሙን ማስወለቅ፣ ቀርጾ ማልበስ ነው። ይህን የናቀ ሰው የጎረቤት ከተማችን የኮበር የባሕር አየር ይቀጣዋል፤ ጨው በተቀረጸው በኩል ገብቶ ሐረጉን በአንድ በጋ ዝገት ያደርገዋል።

መዶሻና መቅረጫ በያዝኩ ጊዜ የገረመኝ ነገር እጄ ቀድሞ ማወቁ ነው። ጥልፍ ላይ መርፌው ብዙ አይዞርም፤ ጨርቁ ነው የሚዞረው። ብረትም እንደዚያው ሆነ። ቀኝ እጅ መዶሻውን ቶክ ቶክ ያደርጋል፣ መቅረጫው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ግራ እጅ ብረቱን ከሥር እያዞረ ሐረጉን ያጎብጠዋል። ሙዓሊም ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እየሠሩ በጆሯቸው ብቻ ያርሙኝ ነበር።

"ቤቲ፣ ተናደሻል።"

"አልተናደድኩም።"

"መዶሻሽ ተናዷል።"

ሥራ ሲጀምሩ አንዲት የሄል ፍሬ አፋቸው ውስጥ ያደርጋሉ። ጣዕሟ ሲያልቅ መዶሻውን አስቀምጠው በመስኮት ሩቅ፣ የመስጊዱን ሚናራ ያያሉ፤ ዓይናቸውን የሚያሳርፉት እንደዚያ ነው። ጥድፊያ ያለበት ሥራ ቢሆን፣ አቡ ፈሃድ በሩ ላይ ቆሞ ቢያጉረመርም፣ ሄሏ ካለቀች አለቀች። እኔም ለመድኩት። ዛሬ እንኳ ሄል ሳሸት አንገቴ ወደ መስኮት ይዞራል።

ደንበኞቻችን ብታዩአቸው! አንዱ የግመሎቹን ምልክት ከመኪናው የፊት ብረት ላይ አስቀርጾ "አሁን ብትጠፋም መንጋዋን ታውቃለች" አለ። አንድ ጎረምሳ ማርሚታው ላይ ጭልፊት ይቀረጽልኝ አለ። ሙዓሊም ነፍስ ያለው ፍጥረት ሙሉውን አይቀርጹም፤ "ክንፍ ብቻ" አሉት። ጎረምሳው ለመነኝ፣ ለመነኝ፣ እኔ ሞኟ ጭንቅላት ጨመርኩለት። ጓደኞቹ አይተው "ማሻአላህ፣ ዶሮ ነው?" አሉት። ሙዓሊም መነጽራቸው እስኪወድቅ ድረስ ስቀው፣ ጭንቅላቱን ወደ ቅጠል ቀየሩልኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም ክንፍ ብቻ።

ደስ ብሎኝ ነበር የምሠራው። አንድ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ነበር። ለእናቴ በስልክ "ወደ ሱቅ ተዛውሬያለሁ፤ እጠልፋለሁ" ነው ያልኳት። በምን ላይ እንደምጠልፍ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጨመርኩላትም።

ለምን እንደሆነ ሰፈራችንን ለማያውቅ ልንገር። በመንደራችን ጫፍ እንድሪስ የሚባል ቀጥቃጭ አለ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚሠራልን እሱ ነው። ያለ እሱ አንድ ክረምት አናርስም። ሆኖም ቤቱ ገብቶ የሚበላ ሰው አልነበረም፤ እሱንም ቤቱ አስገብቶ የሚያበላው አልነበረም። ቀጥቃጭ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ጢሙ ሸብቶ እንኳ ልጅ አዋቂው "አንተ" ነበር የሚለው። እናቴ አጥራችን ላይ ባለው ግራር ለእሱ ብቻ የተለየች ጣሳ ሰቅላ ነበር። ሥራ ይዞ ሲመጣና ሲጠማው ውሃ በእሷ ትሰጠዋለች፤ ጠጥቶ ራሱ መልሶ ይሰቅላታል። እናቴ ክፉ ሴት ሆና አይደለም። እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ለምን ያለ አልነበረም።

ታናሽ እህቴ ፋጤ ደግሞ በዚያ ሰሞን ለሐጂ ሙሄ ልጅ ለጀማል ታጭታ ነበር። ጀማል ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሳቂታ፣ ፋጤን በዓይኑ የሚከተል ልጅ። አባቱ ግን ዘር የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። "የሙሽሪት እህት ብረት ትቀጠቅጣለች" ከተባለ ጋብቻው ይፈርሳል። ብረት እንደምቀርጽ የምናውቀው እኔና ፋጤ ብቻ ነበርን።

"እህቴ፣ ሰርጌ እስኪያልፍ መዶሻሽን ደብቂልኝ" ትለኝ ነበር በስልክ። እየሳቀች ነው የምትለው። ሳቋ ግን መጨረሻው ላይ ይሰበር ነበር።

በዚህ መሃል ነው የአቡ ሳሊም ክዳን የመጣው። አቡ ሳሊም የኮበር ሰው ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ። ከሞተው አባቱ የወረሰው አሮጌ ሞተር ብስክሌት አለው። በሞተሩ ጎን ያለውን የፍሪሲዮን ክዳን፣ ከኋላው ዘይት የሚዋኝበትን የአሉሚኒየም ክዳን፣ ሐረግ እንድጠልፍለት ሰጠኝ። ዓርብ ኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳር ሞተረኞች ይሰበሰባሉ፤ የአባቱ ጓደኞችም ይመጣሉ፤ እነሱ ፊት ሊነዳው ነው። እንደዚያ ያለ ክዳን አሁን የትም አይመረትም።

ሙዓሊም ልጃቸውን ሊድሩ ሀገራቸው ሄደው ነበር። ብቻዬን ነበርኩ። ጥልፍ ጨርቅ ላይ ከፍ ብሎ ሲታይ ነው የሚያምረው። ብረት ላይ ሐረጉን ከፍ ለማድረግ ዙሪያውን ዝቅ ማድረግ ነው። ዝቅ አደረግኩት። አማረ። ደግሜ ዝቅ አደረግኩት። ይበልጥ አማረ! የመዶሻው ድምፅ እንደተለወጠ ሰምቻለሁ፤ ደስታ ግን ጆሮ ይደፍናል። ጀርባውን ሳልዳብስ ሰጠሁት።

ዓርብ ከማዳም ቤተሰብ ጋር ወደ ኒስፍ አልቀመር ሄድን። ሙዓሊም ከሀገራቸው በዋዜማው ገብተው ስለነበር አቡ ፈሃድ እሳቸውንም ይዞ መጣ። አቡ ሳሊም ሞተሩን አስነሳ። ሽማግሌዎቹ ከበቡት። "ማሻአላህ! ማሻአላህ!" እኔ ከማዳም ኋላ ቆሜ አንገቴን አሰግጋለሁ።

ከዚያ ከሐረጉ መሃል፣ ከትልቁ አበባ ላይ፣ ጤዛ የመሰለ ነገር ብቅ አለ።

"እዩ! አበባው ጤዛ አወጣ!" አለ አንዱ።

ሳቁ፣ አደነቁ። ሙዓሊም ብቻ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩና አሸተቱ።

"ዘይት" አሉ።

በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ላዩ ጠጣር ቆዳ አለው። ከቆዳው ሥር ግን እንደ ዳቦ ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳ ይኖረዋል። እኔ ለውበት ስል ቆዳውን አልፌ ወደ ቀዳዳው ገብቻለሁ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ በዚያ ያልብ ጀመር።

አቡ ሳሊም ሞተሩን አጠፋ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አሸዋው ላይ ቁጢጥ አለና "ይህን አባቴ ነው በእጁ የገጠመው፤ ሌላ የለኝም" አለ። አቡ ፈሃድ ግን ስለ ሁለቱም ጮኸ። "ሙሽኪላ! ትልቅ ችግር! ሙሽኪላ ከቢራ! ከነገ ጀምሮ ወደ ኩሽናሽ!"

ሙዓሊም አንዲት ሄል ከኪሳቸው አውጥተው አፋቸው ውስጥ አደረጉ።

"መሣሪያሽ የታለ፣ ቤቲ?"

"መኪናው ላይ ነው። ግን እርስዎ ይሥሩት፣ ሙዓሊም።"

"የእኔ ዓይን በመንገድ ደክሟል።"

"እዚህ? ይህ ሁሉ ሰው እያየ?"

"ያበላሸሽውም ይህ ሁሉ ሰው እያየ ነው።"

ዘይቱን ማፍሰስ አያስፈልግም አሉ፤ ሞተሩን በሌላ ጎኑ ካጋደምነው ዘይቱ ወደዚያ ይሸሻል። ወንዶቹ ተሸክመው በማዳም ፍራሽ ላይ አስተኙት። "ፍራሼ!" ብላ ጮኸች ማዳም። ከዚያ የአቡ ሳሊምን ፊት አየችና ሁለተኛውን ፍራሽ ራሷ ጎትታ አመጣች።

ክዳኑን ፈታን። ሙዓሊም ገልብጠው ሰጡኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ ዳበስኩ። አበባው ባለበት፣ ከጀርባ፣ ሻካራ ቦታ አገኘሁ። በቤንዚን አጠብኩት። ከሩዝ ከረጢት ውስጥ ሩዙን አፍስሰን አሸዋ ሞላንበትና ክዳኑን እሱ ላይ አስቀመጥኩት፤ አሸዋ መዶሻን የሚውጥ ጥሩ ትራስ ነው። ሙዓሊም ከሣጥኑ ቀጭን የናስ ሽቦ መዘው ሰጡኝ። የቀረጽኩትን መስመር ከሥሩ ሰፋ አድርጌ፣ ሽቦውን አስገብቼ፣ በመዶሻ እየመታሁ ስጠቀጥቀው ናሱ ተዘርግቶ ቀዳዳውን ይዘጋዋል።

"ክር ነው፣ ቤቲ" አሉኝ በጆሮዬ። "ክር ነው፤ ስፊው።"

ጀመርኩ። መሃል ላይ ስደርስ ከሰዉ ጀርባ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የአንድ ቤተሰብ ሹፌር የሆነ ያገሬ ልጅ ነው፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል።

"ኧረ ጉድ! ያገራችን ልጅ ብረት ስትቀጠቅጥ እዩልኝ!"

እጄ ቆመ። ያቺ ቃል ሀገር ቤት ስትደርስ የምትሠራውን አውቃለሁ። የፋጤ ሳቅ ታየኝ።

"ወንድሜ፣ በአላህ፣ አትቅረጸኝ!"

"እንዴ እህቴ! ኩራት ነው እኮ! አንዴ ወደዚህ ዙሪ!"

"ቤቲ" አሉ ሙዓሊም፣ "መዶሻሽ ቆመ።"

ስልኩን አየሁ። አሸዋው ላይ ቁጢጥ ያለውን አቡ ሳሊምን አየሁ። ልሸፋፈን ብል መዶሻውን መጣል ነበረብኝ፤ ሽቦው ደግሞ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ቆሟል። ፊቴን ትቼ ሥራዬን ያዝኩ። ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ። ሹፌሩም እየቀረጸ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች "ያገሬ ልጅ ናት!" እያለ በአረብኛ ይተረጉማል።

ሲያልቅ ሙዓሊም ክዳኑን ገልብጠው ወደ ፀሐይ ያዙት። ዳበሱት። በጥፍራቸው መቱት። ከጀርባው የብረት ማጣበቂያ በስሱ ቀባንለትና ፀሐይ ላይ ሰጣነው። እስኪደርቅ የማዳምን ሐብሐብ በላን፤ እኔ ግን ሐብሐብ ይሁን አሸዋ አላውቅም።

ክዳኑ ተገጠመ፣ ሞተሩ ተነሳ። ሞተሩ ጋለ። አቡ ሳሊም ነጭ ጉትራውን ከራሱ አውልቆ አበባውን ከላይ እስከ ታች ጠረገበትና ከፍ አድርጎ አሳየ። ነጭ ነበር። አንድም ነጥብ የለበትም። ከሐረጉ መሃል ቢጫዋ የናስ ክር ታበራለች፤ እሷም ከሁሉ በላይ አማረች፣ ታዲያ ምን ይባላል! አቡ ሳሊም ተነስቶ በባሕሩ ዳር ነዳ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። አቡ ፈሃድ "ኩሽና ያልኩት ለቀልድ ነው" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የናስ ክር የእኔ ምልክት ሆነ፤ ደንበኛ "ያችን ቢጫ ክር" እያለ ይመጣ ጀመር።

ቪዲዮው ግን ከእኔ ቀድሞ ሀገር ቤት ገባ። ገና አል ፈይሰሊያ ሳንደርስ ፋጤ ደወለች።

"እህቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ አይቶሻል።"

"እናቴስ?"

"ሰምታለች። አላየችም። ሐጂ ሙሄ ሽማግሌ ሊልኩ ነው።" ከዚያ አለቀሰች። እናቴ ስልኩን አልቀበልም አለች።

ያንን ሳምንት የሠራሁት ሥራ ሁሉ ጠማማ ነው። ሙዓሊም መዶሻዬን ሰምተው መጡ። ነገርኳቸው። "ይህ ንቀት በእኛም ሀገር አለ" አሉና ሄል ሰጡኝ፤ ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ በላይ ምን ይሉኛል?

ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከፋጤ ነው፤ እሷ ጓዳ ሆና በበሩ ስንጥቅ ስታይ ነበር። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሐጂ ሙሄም ራሳቸው ነበሩ፤ ጀማል ከኋላ። አጎታችን አስቀድሞ እናቴን መክሯታል፤ "እሷ አይደለችም፣ መልክ ይመሳሰላል በይ" ብሎ።

"ወሬ ሰምተን ነው" አሉ ሐጂ ሙሄ። "ትልቋ ልጅሽ ብረት ቀጥቃጭ ሆናለች አሉን። እውነት ነው?"

አጎታችን ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ ቀደመችው።

"እኔ አላየሁም። ያላየሁትን አልመሰክርም። አሳዩኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጀማል ከኋላ ቶሎ ብሎ ስልኩን አወጣ፤ ቪዲዮው እሱ ጋ ተቀምጧል። እናቴ አየች። የእኔን እጅ፣ መዶሻውን፣ አሸዋውን። ከዚያ፦

"ፊቱን አየሁት። ጀርባውን አሳዩኝ።"

"የምኑን ጀርባ፣ እናታችን?" አለ ጀማል።

"የብረቱን ነዋ!"

ጀማል ቪዲዮውን፣ ሙዓሊም ክዳኑን ገልብጠው ወደ ፀሐይ ወደያዙበት፣ ወሰደላት። እናቴ ስልኩን እስከ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

"ቋጠሮ የለውም" አለች እናቴ። ስልኩን መለሰች። "ሐጂ፣ ይህ ሐረግ የእኔ ነው። እነሆ ቀሚሴ ጠርዝ ላይ አለ፤ እዩት። እኔ በጨርቅ ላይ አደረግኩት፣ ልጄ በብረት ላይ አደረገችው። ይህ ነውር ከሆነ የሚጀምረው ከእኔ ነው። ፋጤንም ተዉልኝ፤ ከእኔው ጋር ትኑር።"

ቀድሞ የተናገረው ጀማል ነው።

"አባቴ፣ እኔማ ለባጃጄ ላሠራ አስቤ ነበር።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሳቅ ደግሞ ይጋባል። ሐጂ ሙሄ የቀሚሱን ጠርዝ አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ጢማቸውን አሻሹ። "እንግዲህ ዱዓ እናድርግ" አሉ።

በዚያው ቀን እናቴ ደወለች።

"ሉቤ።"

"አቤት እናቴ።"

"የቀኙ ቅጠል ትንሽ ጠቧል።"

ማዳም እየሳቅኩ ሳለቅስ አግኝታኝ ሰው የሞተብኝ መስሏት ጮኸች።

ፋጤና ጀማል ተጋቡ። ለባጃጁ የፊት መብራት ቀለበት ሠርቼ ላኩለት፤ እስከ ዛሬ ያብለጨልጫል። ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሠራሁ። ሙዓሊም አርጅተው ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ መዶሻቸውን ሰጡኝ፤ እጀታው በእጃቸው ልክ የተበላ። "ጀርባውን" አሉኝ በሩ ላይ፤ ሌላ ምክር አልጨመሩም። በኋላ አቡ ፈሃድ በብርሃን የሚቀርጽ ማሽን ገዛ። የፈለጉትን ሥዕል በኮምፒውተር ሰጥተውት ሻይ እስኪጠጡ ይጨርሳል። አልጠላሁትም፤ እንዲያውም ወጣቶቹ ሲያሠሩት መቆም ደስ ይለኝ ነበር። ብቻ ብረቱን ሳይገለብጥ ነው የሚጀምረው። እሱን እኔ እገለብጥለት ነበር። የእጅ አንጓዬ ብርድ ሲነካው መጮህ ሲጀምር ግን ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ ጠየቅኩ። ማዳም አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አጅባኝ፣ ሻንጣዬ ለምን እንደከበደ ለጠየቃት ሠራተኛ "መዶሻ ነው! የልጄ መዶሻ ነው!" ብላ ሰው ሁሉ እንዲዞር አደረገች።

ሀገር ቤት በገባሁ በሳምንቱ እንድሪስ መጣ። አጥሩ ጋ ቆመ፤ ሁልጊዜ እንደሚቆመው።

"የሞተር ብረት የምትቀርጸው አንቺ ነሽ አሉኝ" አለኝ።

"አዎ አባባ እንድሪስ። እንዴት ነዎት?"

ለማን እንደተናገርኩ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ። ከዚያ መዶሻዬን ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። አወጣሁላቸው። በመዳፋቸው መዘኑት፣ ገለበጡት፣ የእጀታውን ጉድጓድ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

"ቀላል ነው" አሉ። "ግን ሰው ኖሮበታል።"

ስለ መቅረጫ ስለት አወጣጥ፣ ስለ ብረት አቀዛቀዝ አወራን። ብዙ አወራን፤ እንዲህ ያለ ጨዋታ ከሙዓሊም ወዲህ አላገኘሁም ነበር። እናቴ ከቤት ወጣች። ፀሐይ ስለነበር ውሃ ይዛለች። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ግራሩ ሄዶ ጣሳዋን አወረደ። ቀዳችላቸው። ጠጥተው አመስግነው ጣሳዋን ራሳቸው መልሰው ሰቀሉ። እናቴ ጣሳዋን አየች፣ እኔ እጅ ላይ ያለውን መዶሻ አየች። ከዚያ ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ጣሳዋን ከግራሩ አወረደች። የተሰበረች ማጭዷን በነጠላዋ ጠቅልላ ቁልቁል ወደ እንድሪስ ቤት ሄደች። ነይ አላለችኝም፤ ተከተልኳት። በፊት መንገድ ላይ ሆና ነበር የምትጣራው። አልተጣራችም። በሩ ላይ "አሰላሙ ዓለይኩም" ብላ ገባች፣ መደቡ ላይ ተቀመጠች፣ ማጭዷን ለእሳቸው ሰጠች። ባለቤታቸው የማሽላ ቂጣ በወተት አቀረቡ። እናቴ እጇን ታጥባ ከእሳቸውና ከባለቤታቸው ጋር ከአንድ ሳህን በላች።